ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት ተጠያቂነት

የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ ላይ የተቆረቆረች ናት። ወንዞቹን ተሻግረው ከሚገኙት ከኦምዱርማንና ከካርቱም ባሕሪ ጋር አብራ ስትቆጠር ሦስት ከተሞችን በአንድነት የያዘች ሰፊ ከተማ ትሆናለች። በዘመናዊ ትምህርት ረገድም ስሟ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ውሎ አድሮ ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። ከወንዙ ማዶ፣ በኦምዱርማን የሚገኘው የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሥሩ የሚመዘዘው ሼኽ ባቢክር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሩፋዓ ከተማ ለልጃገረዶች ከከፈቱት ትምህርት ቤት ነው።

ይህን ያህል ታሪክ ባላት ከተማ ትምህርት በድንገት የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በአገሪቱ ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ማለትም ዩኒሴፍ፣ ከሕፃናት አድን ድርጅት ጋር ባወጣው መግለጫ ጦርነቱ በደረሰባቸው አካባቢዎች ቢያንስ 10,400 ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘጉ፣ በመላው አገሪቱም 19 ሚሊዮን ሕፃናት ከትምህርት ገበታ እንደ ራቁ አስታወቀ። ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። መምህራኑም ተማሪዎቹም ከፊሎቹ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች፣ ከፊሎቹ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ተበተኑ። እንዲህ ለተበተነ ሕዝብ ከቀሩት መንገዶች አንዱ በስልክና በታብሌት የሚሰጥ ትምህርት ነበር። እርሱም ቢሆን መረቡ ሲኖር ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጨርሶ ተቋርጦ ነበር።

ሕንፃ የሌለው ትምህርት ቤት በችግር ጊዜ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ነገር ግን ከጥቅሙ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በኢንተርኔት የሚያስተምር ትምህርት ቤት የመንግሥትን ገንዘብ እየተቀበለ ተማሪዎቹን ሳያስተምር ቢቀር፣ አለማስተማሩ በምን ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ የሚጠየቀው ማን ነው? ቅጣቱስ የሚያርፈው በጥፋተኛው ላይ ነው ወይስ በተማሪው ላይ?

ተጠያቂነት ሲባል ትርጉሙ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቅጣት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው አደራ ሲቀበል፣ አደራውን እንዴት እንደ ጠበቀ በማስረጃ የማስረዳት ግዴታ አብሮ ይወድቅበታል፤ ይህ ግዴታ ተጠያቂነት ይባላል። ትምህርት ቤት የተቀበለው አደራ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከግብር ከፋዩ ሕዝብ የተሰበሰበው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም የልጁ ዕድሜ ነው። ገንዘቡ ቢባክን በፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል። የልጁን ሁለትና ሦስት ዓመት ግን የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም።

በተለመደው ዓይነት ትምህርት ቤት የቁጥጥሩ ሥራ ከባድ ቢሆንም ለዓይን የሚታይ ነገር ነበረው። ኢንስፔክተሩ በግቢው በር ይገባል፤ የክፍሎቹን ስፋት፣ የወንበሮቹን ብዛት፣ የመጻሕፍቱን ቁጥር ይመለከታል፤ የስም መጥሪያ መዝገቡን ገልጦ ከተቀመጡት ልጆች ጋር ያመሳክራል፤ ከዚያም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የመምህሩን አቀራረብ ያዳምጣል። ይህ አሠራር ፍጹም አልነበረም። (በሌለ ጓደኛ ስም «አቤት» የሚል ተማሪ ያልታየበት ክፍል እንደሌለ ተማሪዎች ራሳቸው ያውቁታል።) ቢሆንም ባዶ ወንበር ባዶነቱን አይደብቅም። በኢንተርኔት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ወንበር የለውም። አሥር ሺህ ተማሪ መዝግቤአለሁ ቢል አሥር ሺውን በአንድ ሥፍራ ተሰብስበው የሚያያቸው ዓይን የለም። ስለዚህ የመንግሥት ደንብ ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ምን እንደሚቆጠር ነው።

ለዚህ ጥያቄ በብዙ ገንዘብ ኪሣራና በረጅም የፍርድ ቤት ክርክር መልስ የተፈለገለት በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በግል አስተዳዳሪዎች የሚመሩ፣ ተማሪውን የማያስከፍሉ፣ ወጪያቸውን ግን መንግሥት የሚሸፍንላቸው ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጡ ሆኑ። በኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተውና ባጭሩ ኢኮት ተብሎ የሚጠራው ትምህርት ቤት ከእነርሱ ወገን ነበር። ሙሉ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነገው የኤሌክትሮኒክ መማሪያ ክፍል» ማለት ነው። ተማሪው በቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ይማራል፤ መንግሥትም በተማሪው ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይከፍላል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ክፍያው ያድጋል። ኢኮትም እያደገ ሄዶ ከ15,000 በላይ ተማሪዎች አሉኝ እስከ ማለት ደረሰ፤ በአገሪቱም ካሉት የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወሰነላቸው በአራት ዓመት የሚፈጽሙት ተማሪዎቹ ከመቶ አርባ አይሞሉም ነበር።

የኦሃዮ ሕግ አንድ ተማሪ በዓመት 920 ሰዓት የመማር ዕድል እንዲያገኝ ያዛል። ለብዙ ዓመታት ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ያገለገለው መምህራን «ይህን ያህል ሰዓት ትምህርት ቀርቧል» ብለው የሚፈርሙት ወረቀት ነበር። የሚጠየቀው አካል ስለ ራሱ ይመሰክራል፤ ጠያቂውም ምስክርነቱን ተቀብሎ ይከፍላል ማለት ነው። በ2016 ግን የግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከወረቀቱ አልፎ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን እንዲያሳዩት ጠየቀ። ተማሪው ስንት ሰዓት ገባ? ስንት ሰዓት ቆየ? ስንት ሰዓት ወጣ? ትምህርት ቤቱ ክፍያ የተቀበለባቸው ተማሪዎች በሙሉ ጊዜ ተማሪ ሒሳብ 15,300 ያህል ሲሆኑ፣ በማስረጃ ሊረጋገጡ የተቻሉት 6,300 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ከአሥር ተማሪ የስድስቱ ክፍያ ማስረጃ አጣ። በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤቱ ስለዚያ አንድ ዓመት ብቻ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመልስ ተወሰነበት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሒሳብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨመረበት።

የትምህርት ቤቱ መከራከሪያ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሕጉ የሚያዘው ትምህርት እንዲቀርብ ነው እንጂ ተማሪው መማሩን እንድናረጋግጥ አይደለም የሚል ነበር። ገበታውን ዘርግቻለሁ፤ እንግዳው ባይበላ ግን ልጠየቅበት አይገባም እንደ ማለት ነው። የሕጉ ቃል በዚህ ነጥብ ላይ ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ስለ ነበር ክርክሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ጉዳዩ እየተንከባለለ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በኦገስት 2018፣ በአራት ድምፅ ለሁለት፣ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ ተማሪዎቹ በትምህርት ላይ የቆዩበትን ጊዜ መጠየቅ ይችላል ሲል ወሰነ።

ፍርዱ ትክክለኛ ቢሆንም ጊዜው አልፎ ነበር። ኢኮት ገንዘቡ አልቆበት የተዘጋው ከፍርዱ በፊት በጃንዋሪ 2018 ነው፤ ያውም በትምህርቱ ዓመት አጋማሽ ላይ። 12,000 ያህል ተማሪዎች ዓመቱ ሳይፈጸም ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበተኑ። መንግሥት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲከፍል ቆይቶ፣ በመጨረሻ የመዘጋቱን ዋጋ የከፈሉት እነዚህ ልጆች ናቸው። የኦሃዮ ደንብ ትልቁ ጉድለትም ይህ ይመስላል፤ የሚቀጣበትን ነገር ቀደም አድርጎ በግልጽ አልጻፈም፣ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱም አላሰበም። የኦሃዮ ነገር ብቸኛ ክስተትም አልነበረም። በኢንዲያና ግዛት ሁለት ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች በ2019 ከተዘጉ በኋላ የመንግሥት የሒሳብ መርማሪዎች ባደረጉት ምርመራ የተማሪ ቁጥር በማብዛት 68 ሚሊዮን ዶላር ያህል አለአግባብ መከፈሉን አረጋግጠዋል።

ይሁን እንጂ የተማሪውን ሰዓት መቁጠርም ብቻውን በቂ አይደለም። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ኳስ ሊጫወት የወጣ ልጅ በመዝገቡ ላይ እንደ ተማረ ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ሰዓቱ ቀርቶ ውጤቱ ይቆጠር ይላሉ። በዚህም በኩል የተገኘው ማስረጃ ቀላል አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት በኢንተርኔት ትምህርት ቤቶች የሚማሩትን ልጆች፣ በዕውቀት ደረጃና በኑሮ ሁኔታ ከሚመስሏቸው የመደበኛ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር አነጻጽረዋል። የኢንተርኔቶቹ ተማሪዎች በንባብ በ72 የትምህርት ቀናት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በሒሳብ ግን የቀሩት በ180 ቀናት ያህል ነው። የአሜሪካ የትምህርት ዓመት ራሱ 180 ቀን ስለ ሆነ በሒሳብ ረገድ ዓመቱን ሙሉ ምንም እንዳልተማሩ ያህል የሚያስቆጥር ነው።

ማነጻጸሪያው ከሚመስሏቸው ልጆች ጋር መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ወደ ኢንተርኔት ትምህርት ቤት ከሚገቡት መካከል የታመሙ፣ ሥራ የያዙ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ፣ ወይም በሌላ ትምህርት ቤት ወድቀው የመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤቶቹም ውጤታቸው ሲነቀፍ «ደካማ ሆነው የመጡልንን ነው የተቀበልነው» ይላሉ፤ አባባሉም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ሲገባ የነበረው ዕውቀት ተመዝግቦ ከወጣበት ዕውቀት ጋር ቢነጻጸር ማመካኛው መልስ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል የትምህርት ሕግ እያንዳንዱ ግዛት በውጤት ከመቶ አምስቱን የመጨረሻ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም ከተማሪዎቻቸው አንድ ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ የማይመረቁባቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለይቶ እንዲያወጣና የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ እንዲያደርግ ያዛል። ሕጉ በኢንተርኔት የሚያስተምረውን በሕንፃ ውስጥ ከሚያስተምረው አይለይም።

ውጤት ብቻ ሲቆጠር የሚመጣውን ጉዳት ለመረዳት ደግሞ ወደ አንድ የቆየ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1862 የእንግሊዝ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ ልጆቹ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ በሚያገኙት ውጤት እንዲወሰን አደረገ። ኢንስፔክተሩ በዓመት አንድ ቀን መጥቶ ልጆቹን አንድ በአንድ ይፈትናል፤ ለወደቀው ልጅ ከድጎማው ይቀነሳል። የመምህሩ ደመወዝ በልጁ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ይቻላል። ብዙም ሳይቆይ መምህራን ከሦስቱ ትምህርቶች ውጭ ያለውን ችላ አሉ፤ ልጆችም የንባብ መጽሐፉን በቃላቸው መሸምደድ ያዙ። ባለቅኔና የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር የነበረው ማቲው አርኖልድ አሠራሩን ከመጀመሪያው አንሥቶ ተቃወመው። አሠራሩ ግን በ1890ዎቹ ቀስ በቀስ እስኪቀር ድረስ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቆየ። መንግሥት የቆጠረውን ነገር አገኘ፤ ያልቆጠረውን አጣ።

በኢትዮጵያም ትምህርት ከመምህሩ እጅ ወጥቶ በመሣሪያ ሲሰጥ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ግልጽ ሳይሆን የቀረበት ጊዜ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» እየተባለ በሚጠራው ቴሌቪዥን በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት መስጠት ተጀመረ። በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ትምህርቱን ለማስተዋወቅና ለመደምደም ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ተተዉለት። በቴሌቪዥኑ የሚታየው አስተማሪ ደግሞ «አልገባኝም» ሲሉት አይሰማም። ትምህርቱ ፈጥኖ ቢያልፍ ተማሪው የሚጠይቀው ማንን ነው? የክፍሉ መምህር ትምህርቱን እኔ አላዘጋጀሁትም ይላል፤ ያዘጋጁት ደግሞ ተማሪዎቹን አይተዋቸው አያውቁም። ኃላፊነት በብዙ እጆች ሲከፋፈል በማንም እጅ ሳይገኝ ይቀራል።

የተልእኮ ትምህርት፣ በኋላ የርቀት ትምህርት የተባለው፣ ሌላው ምሳሌ ነው። በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የትምህርት ሚኒስቴር በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን የርቀት ትምህርት በጥራት ጉድለት ምክንያት በአንድ ጊዜ አገደ። ዕገዳው ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣ፤ ሆኖም ጥሩውንም ደካማውንም በአንድ ገመድ ማሰሩ ደንብ ባልነበረበት ሥፍራ ዕገዳ የደንብን ቦታ እንደሚይዝ አሳይቷል። ለአጠቃላይ ትምህርት ቤቶች ግን በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የተሻለ ሥርዓት ተዘርግቷል። በዚህም የኢንስፔክሽን ሥርዓት ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት በ26 መለኪያዎች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ከመቶ 50 ያልሞላው ደረጃ 1 ይሆናል፤ ደረጃውን እንዳሟላ የሚቆጠረው 70ና ከዚያ በላይ ያገኘው ነው። አንድን መለኪያ ብቻ አለመያዙ የእንግሊዙን ዓይነት ስሕተት ያስቀርለታል። በኢንተርኔት ለሚያስተምር ተቋም ይህን ሚዛን ልጠቀም የሚል ኢንስፔክተር ግን በመጀመሪያው ምድብ ላይ ይቸገራል፤ የሚለካው ግቢ፣ የሚቆጥረው ወንበር የለምና።

ውጤት መለኪያ የሚሆነው ደግሞ ፈተናው ሲታመን ብቻ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና ለመስጠት ግድ ሆኗል። በሚቀጥለው ዓመት ፈተናው በሚሰጥበት ወቅት ኢንተርኔት እንዲቋረጥ ተደረገ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲገለጽ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶችም 1,161ዱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒዩተር መፈተን ጀመሩ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብለዋል። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይዘጉ ቢባል ግን በየገጠሩ ያሉት ተማሪዎች የሚሄዱበት ሌላ ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው አይገኝም። መለየት አንድ ሥራ ነው፤ ከለዩ በኋላ ማቃናት ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ ይጠይቃል።

የሱዳንም መንግሥት ፈተናን ለማስከበር በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ2021ና በ2022 የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በሚሰጥባቸው ቀናት ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ የሞባይል ኢንተርኔት በየዕለቱ ለተወሰኑ ሰዓታት ይዘጋ ነበር። እንግዲህ ለትምህርት ተስፋ የተጣለበት መሣሪያ ትምህርቱ በሚመዘንበት ሰዓት እንዲጠፋ ይፈረድበታል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ባንኩም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ነጋዴውም ያለ ኢንተርኔት ይውላሉ። ለፈተና ታማኝነት የተከፈለው ይህ ዋጋ እጅግ የበዛ ነው፤ ግን ፈተናው ካልታመነ ስለ ትምህርት ቤቶቹ የሚነገረው ሁሉ መሠረት እንደሌለው ያስረዳል።

በሱዳን ከዚህ የተሻለ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዋር ቻይልድ ሆላንድ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲና ከሱዳን የትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመተባበር፣ ትምህርት ቤት ባልደረሰባቸው መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት ሒሳብ በታብሌት የሚያስተምር ጨዋታ አዘጋጀ። ጨዋታው የተሠራው ከአገሩ ኑሮ ነው፤ ልጁ ዕቃ የሚሸጥበትን ሱቅ ያስተዳድራል፣ ሠራተኞችን በሥራቸው ይረዳል። ትምህርቱ የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የተከተለ ነበር። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ፤ በየመንደሩም መምህር ያልሆነ፣ ከነዋሪው የተመረጠ አንድ አስተባባሪ ልጆቹን ይሰበስባል። መጀመሪያ በሰሜን ኮርዶፋን በጥቂት መንደሮች ተሞከረ። ከዚያ በኋላ በነጭ ዓባይና በገዳሪፍ ክፍላተ ሀገርም ጭምር ወደ 600 ለሚጠጉ ሕፃናት ደረሰ።

በዚህ ሥራ ከቴክኒኩ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው የመቁጠሪያው አያያዝ ነው። ልጆቹ ታብሌቱን ከመያዛቸው በፊት ተፈተኑ፤ ከተማሩም በኋላ እንደገና ተፈተኑ። በጨዋታው ያልተማሩ ልጆችም እንዲሁ ተፈትነው ከእነዚያ ጋር ተነጻጸሩ። በጨዋታው የተማሩት የበለጠ መሻሻል አሳዩ። ሥራው እንዲስፋፋ የተደረገው ይህ ከታየ በኋላ ነው። የኦሃዮ መንግሥት ከአሥራ ስድስት ዓመት ክፍያ በኋላ የጠየቀውን ማስረጃ፣ በሰሜን ኮርዶፋን የተሠራው ሥራ ከመስፋፋቱ በፊት ይዞ ተገኝቷል።

ከዚህ የሚነሣ ደንብ ለካርቱም ቢጻፍ በውስጡ ሊገቡ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ልጁ ሲመዘገብ ይፈተናል፤ ፈታኙ ትምህርት ቤቱ ራሱ አይደለም። የክፍያው አንድ ክፍል ልጁ በትምህርት ላይ በቆየበት ጊዜ፣ ሌላው ክፍል ልጁ ባሳየው መሻሻል ይወሰናል። ውጤቱ ያነሰ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ምክንያቱን ያስረዳል፤ የተወሰነ ጊዜና እርዳታ ይሰጠዋል፤ ባይሻሻል አዲስ ተማሪ እንዳይመዘግብ ይከለከላል። የሚዘጋ ከሆነም የሚዘጋው በዓመቱ መጨረሻ፣ ተማሪዎቹ የሚሄዱበት ቦታ ከተዘጋጀ በኋላ ይሆናል። መዝገቡ የሚቀመጠው በትምህርት ቤቱ እጅ ብቻ ሳይሆን ቅጂው በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ቢጠፋ እንኳ የልጁ ማስረጃ እንዳይጠፋ። መረቡ የተቋረጠባቸው ቀናት ደግሞ ለብቻቸው ይመዘገባሉ፤ ትምህርት ቤቱ ባልፈጠረው ችግር እንዳይጠየቅ፣ የፈጠረውንም ስንፍና በመረቡ እንዳያሳብብ።

ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የተሰጠው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2024 ነው። በጊዜው መፈተን የነበረባቸው ተማሪዎች ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ጠብቀዋል። ፈተናው የጦር ሠራዊቱ በሚቆጣጠራቸው አካባቢዎችና በውጭ አገር በተዘጋጁ ጣቢያዎች ሲሰጥ፣ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ሥር በነበሩት ብዙ አካባቢዎች የሚኖሩ ተማሪዎች ለመቀመጥ አልቻሉም። ለእነዚህ ተማሪዎች ወድቀዋል ማለትም አልፈዋል ማለትም አይቻልም። ከመካከላቸው በስልክ ሲማር የቆየ ካለ፣ መማሩን የሚያስረዳለት መምህሩ ሳምንት በሳምንት የያዘለት መዝገብ ብቻ ነው።